የተክሉ ማንዶሊንና የማክሰኞ ሰዎች

ወንድሜ ተክሉ ልፍስፍስ ነው። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ያሳደግኩት እኔው ነኝ፤ የማውቀውን ነው የምናገረው። እናታችን ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሰባት። አሁን አርባ ሊሞላው ነው። ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር፣ እኔ ቤት አንዲት ክፍል ይዞ ይኖራል፣ ሆስፒታል ማድ ቤት ድስት ያጥባል፣ ሲወጣም ሲገባም ኮቴው አይሰማም። አሳንሰር ውስጥ ሰው እግሩን ቢረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው።

በዚህ ዓለም የኔ የሚለው አንድ ማንዶሊን ብቻ ነው። ጎሬ ልጅ ሳለ፣ ለአሜሪካ ሚሲዮኖች ጄኔሬተር የሚጠግን አንድ መካኒክ ነበር፤ ቴነሲ ከሚባል ተራራማ አገር የመጣ ሎጋ ሰው። ቀን ዘይት ሲጨማለቅ ይውልና ሲመሽ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ማንዶሊን ይጫወታል። ተክሉ ከሥሩ አይጠፋም። ሰውየው ሰባት ዜማ አስተማረው፤ አብዮቱ መጥቶ ሚሲዮኖቹ ሲወጡ ማንዶሊኑን ትቶለት ሄደ። ተክሉ በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ተንገላቶ ኦስሎ ሲገባ የለበሰው ኮት እንኳ የሰው ነበር። ማንዶሊኑ ግን የራሱ።

እዚህ ቸርች ወሰድኩት። የኳየሩ መሪ፣ ኪቦርድ ከተገዛ ወዲህ መሬት የማይበቃው ሰው፣ «ወንድም ተክሉ፣ ይሄ ነገር ከኪቦርዱ ጋር አይሄድም» አለው። ኪቦርዱ አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ከበሮውንም ዋሽንቱንም ራሱ ያወጣል፤ ተጫዋቹ እጁን ኪሱ ቢከት ማንም አያውቅበትም። ተክሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ተመለሰ። ምን ስለተደረገለት እንዳመሰገነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት መግቢያ ላይ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ማድ ቤቱ ሬዲዮ ላይ ከሰባቱ ዜማዎች አንዱ መጣ። ድስቱ ከእጁ ወደቀ። አብራው የምትሠራው ሴትዮ «ብሉግራስ ነው፤ የአሜሪካ ባላገር ሙዚቃ። እዚህ ኦስሎም የሚጫወቱት ሞኞች አሉ» አለችው። ሞኞቹን ፍለጋ አንድ ወር ሙሉ ዞረ። ሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ቢሄድ ሻጩ ወደ አንድ ቢራ ቤት ላከው። ቢራ ቤቱ ደግሞ «ማታውን ሙሉ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ስለሚቀመጡ አስወጣናቸው» አለ። በመጨረሻ ትቬይታ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በጠፋች ድመትና በሚሸጥ የሕፃን ጋሪ መሀል አገኛቸው፦ ብሉግራስና የጥንት ሙዚቃ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሰፈሩ አዳራሽ፣ ማንም ሰው መምጣት ይችላል። ወረቀቱን መቅደድ ነውር መስሎት ቆሞ በእጁ ጽፎ ገለበጠው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ይሄዳል። ሲመለስ እጠይቀዋለሁ።

«ተጫወትክ?»

«ከሁሉም ጋር ከሥር ከሥር መታሁ።»

«ብቻህንስ?»

«ተራ አልደረሰኝም፣ እትዬ።»

ሥርዓታቸውን አስረዳኝ። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ጊታር፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመታል። ከዚያ መሪው ለአንዱ ሰው በራሱ ይጠቅሳል፤ የተጠቀሰው ዜማውን ብቻውን ያወጣል፣ ሌሎቹ ዝቅ ይሉለታል። ሲጨርስ ለቀጣዩ ይጠቀሳል። ተክሉ ይህችን አንዲት ተራ ነበር የሚፈልገው። መካኒኩ ያስተማረውን ሰው ፊት ብቻውን አንዴ ማውጣት፣ ሌላ ምንም።

አሥራ አንድ ማክሰኞ አለፈ። አሥራ አንደኛው ላይ ማንዶሊኑን በጨርቅ ጠቅልሎ በር አጠገብ ካለው ካርቶን ውስጥ ከተተው። ካርቶኑ ትምህርት ቤቱ ለሚሸጠው አሮጌ ዕቃ ያዘጋጀሁት ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሊወስዱት ይመጣሉ።

«የፊታችን ማክሰኞ ሄጄ እሰናበታቸዋለሁ፤ ከዚያ ይበቃኛል» አለ።

ደሜ ፈላ። ንቀውታል ማለት ነው። ጥቁር ስለሆነ፣ ድስት አጣቢ ስለሆነ፣ እንደ ወንበር ቆጥረውታል። ማንዶሊኑን ከካርቶኑ አወጣሁና «እኔም እመጣለሁ» አልኩት።

ማክሰኞ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ቫክቴን፣ የሥራ ፈረቃዬን፣ ጨርሼ፣ ምሳ እንኳ ሳልቀምስ፣ በቀጥታ ትቬይታ ወረድኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ዘጠኝ ኖርዌጂያን፣ ትንሹ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሁሉም ባለ መስመር ሸሚዝ ለብሰዋል። ግማሾቹ የከብት ጠባቂ ባርኔጣ ደፍተዋል፤ ከወተት ካርቶን ላይ ካልሆነ ላም አይተው እንደማያውቁ እምላለሁ። መሪያቸው ኦድቫር ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ፣ አንድም ጥርሱን ሳያሳይ የሚዘፍን። ክር ሲያጠብቁ ግማሽ ሰዓት ፈጁ። ከዚያ ጀመሩ፤ ዘፈኑ ሁሉ ስለሞተች ልጅና ስላመለጠ ባቡር ነው። ባቡር ያመለጠው ሰው ለምን ቀጣዩን እንደማይጠብቅ አይናገሩም።

ቱሪድ የምትባል የኦድቫር ሚስት ዋፍል የሚሉትን ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ በሳህን ይዛ ግድግዳው ሥር ወደተቀመጥኩበት መጣች። ሽታው ምሳ አለመብላቴን አስታወሰኝ። እንደ ጨዋ ሰው «ኔይ ታክ»፣ አይ አመሰግናለሁ፣ አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሳህኗን ይዛ ሄደች። ሄደች እኮ። አንዴ ዞር ብላ «ኧረ ትንሽ ቅመሺ» እንኳ ሳትል። የባላገር ዘፈን ይወዳሉ፣ የባላገር ወግ ግን አልፈጠረባቸውም። ዋፍሉ ክቡን ዞሮ ሲያልቅ በዓይኔ ሸኘሁት።

የኦድቫርንም ራስ እከታተል ነበር። ለባንጆው ጠቀሰ፣ ለቫዮሊኑ ጠቀሰ፣ ለጊታሩ ጠቀሰ፤ ተክሉ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንስቶ ቀጣዩ ሰው ላይ አሳረፈው። አንዴ ብቻ አይደለም፣ አምስት ጊዜ። ሊያርፉ ሲነሡ ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ወንድሜ ምን በድሏችሁ ነው የምታልፉት?» አልኩት።

ኦድቫር ባርኔጣውን አወለቀ። «የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁሉ ጠቅሼለታለሁ። ራሱን ነቅንቆ እንቢ አለ። ማዳመጥ የሚወድ ሰው መስሎን ተውነው። እኛ ሰው አናስገድድም» አለ።

ወደ ተክሉ ዞርኩ። «ጠይቀውህ ነበር?»

«አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«እና?»

«እና አንዴ ሲጠቅሱኝ ዘልዬ ልግባ? አንቺ እንደዚያ ነው ያሳደግሽኝ?»

ትዝ አለኝ። ጎሬ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ የምሥራች ቤት፣ ሰባት ዓመቱ ሳለ ነው። ዳቦ ስትሰጠው ገና በመጀመሪያው እጁን ዘረጋ። እጁን መታሁት፤ ያውም ሰው ፊት። እናት የሌለው ልጅ ርቦት ነው እንዳይሉን ነበር። ቤት ወስጄ «ሦስት ጊዜ ካልለመኑህ እንዳትነካ» አልኩት። ያ ልጅ ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቸርች ውስጥም፣ ካርቱምም፣ እዚህም፣ የሚለምነው ሰው አጥቶ እንደተቀመጠ ያኔ ገባኝ። እኔ ራሴ ለምኜው አላውቅም። ብላ እለዋለሁ፣ ተነሥ እለዋለሁ፣ ጩኸቱን ቀንስ እለዋለሁ።

ኦድቫርን «ድገምና ጥቀስለት» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀና ክቡ ውስጥ ገባ። ጀመሩ። ሁለት ሰው ካለፈ በኋላ ለተክሉ ጠቀሰ። ያ ልፍስፍስ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። ኦድቫርም እንደ ልማዱ ሊያልፈው ወደ ባንጆው ዞረ።

«ተክሉ» አልኩ ከግድግዳው ሥር ሆኜ። «በሞቴ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ለመጨረሻ ጊዜ እንደዚያ ሲያየኝ ስድስት ዓመቱ ነበር።

«እኔ ልሙትልህ፣ አንዴ ብቻ» አልኩት።

ጀመረ። መጀመሪያውን አበላሸው። ከዚያ ያዘው። በረንዳው፣ ዘይቱ፣ ሰውየው፣ ሁሉም እዚያች ትንሽ እንጨት ውስጥ ነበረ። ባርኔጣ የደፉት እነዚያ ሁሉ ዝቅ አሉለት፣ ኦድቫር እጁን በክሩ ላይ አሳረፈ። ተክሉ ሲጨርስ ማንም አልጠቀሰለትም፤ ራሱ ደገመው። አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሲበተኑ ኦድቫር ወደ እኔ መጣ። «ምንድን ነው ያልሽው?»

«በሞቴ አልኩት። ካልተጫወትክ እኔ ልሙት እንደማለት ነው።»

ሰውየው ገረጣ። «ታመሻል እንዴ?»

«ኔይ። እንዲህ ነው የምንለማመነው።»

«ለአንድ ዜማ?»

«ለአንድ ጉርሻም እንላለን።»

አሰበ። «ሁልጊዜ መባል አለበት?»

«አዎ። ሁልጊዜ። ሦስት ጊዜ።»

ከባድ ሥራ እንደተሰጠው ሰው ተንፍሶ ሄደ።

ረቡዕ ካርቶኑን ሊወስዱ ሲመጡ ማንዶሊኑ ተክሉ አልጋ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ አዳራሹ በር ላይ የስማቸው ዝርዝር ተለጥፏል፤ እነዚህ ሰዎች ሲያስነጥሱም ዝርዝር ያወጣሉ። በተክሉ ስም ትይዩ በእርሳስ «ሦስት ጊዜ ይጠየቅ» ተብሎ ተጽፏል። ልመናን በወረቀት የሚጽፍ ሕዝብ ምን ይባላል? ኦድቫር ጠቀሰ፣ ተክሉ እንቢ አለ፤ ጠቀሰ፣ እንቢ አለ፤ ሦስተኛውን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ እንደ ትራም ፌርማታ ሳይዘል ጠቀሰ። ተክሉ ተጫወተ።

እኔ ግድግዳው ሥር ነበርኩ፤ አሁንም ከቫክት በቀጥታ። ቱሪድ ሳህኗን ይዛ መጣች። «ኔይ ታክ» አልኳት። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፣ በር ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ ተመለሰች።

ሁለተኛው ላይ ወሰድኩ። ርቦኝ ነበር።