የሱፉ ሰውዬ ኮሌታ

ጎረቤቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው፤ የስፌት መኪናዋ ሲሮጥ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ዝምተኛ ናት። እኔም ወሬ ስለማይሆንልኝ ዓመታቱን ሁሉ ተግባብተን ኖረናል።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሞተው ረፋድ ላይ፣ ጠረጴዛው አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። እሷ ፊት ለፊቱ ሆና ለአንድ አዳራሽ የታዘዘ አረንጓዴ መጋረጃ ጠርዝ ትቀመቅማለች። የእሱ ክርን ጨርቁ ላይ አርፏል። "ክርንህን አንሳልኝ እስቲ" አለችው። ዝም አለ። ጠዋት በተቃጠለ አምፖል ተነታርከው ስለነበር ያኮረፈ መሰላት። ጨርቁን ሳብ ብታደርገው አልመጣም፤ ስለዚህ በሌላው በኩል ዞራ ቀጠለች። መሞቱን ያወቀችው መቀስ እንዲያቀብላት ቀና ስትል ነው። ካወቀችም በኋላ አልጮኸችም። ተቀምጣ የቀረውን ትቀመቅም ጀመር። ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው የገባችው ይኼኔ ነው።

"እማ፣ አባዬ እኮ ሞቷል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ጠርዙ ትንሽ ቀርቶኝ ነው።"

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ እናቷን ለብቻዋ ይዛ፣ አባቷ ሲሞት ምን እንደተሰማት ጠየቀቻት። "ምንም" አለቻት። እንደማውቃት አልዋሸችም። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የእናቷን ስልክ አታነሳም።

ከሕንፃችን ሥር ፎቶ ቤት አለ። ፎቶ አንሺው ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ለአሻንጉሊት ሱቅ ማስታወቂያ ሲሠራ አንዱን ድብ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ደግሞ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ድቡ በራሱ ይራመዳል። ጎረቤቴ የሰፋችውን መጋረጃ ፎቶ ልታስነሳ ሄዳ ይህን አይታ መጣችና፣ በሬ ላይ ቆማ፣ "ለልጄ እንዴት እንደነበር በአፌ መንገር አልቻልኩም። ሠርቼ ላሳያት ነው" አለችኝ። እንድትመለስላት ነበር የፈለገችው። ሌላ ነገር ስትፈልግ አይቼ አላውቅም።

አሻንጉሊቶቹን ሠራች። ከሥር ሽቦ ነው፤ ሽቦው ላይ ክር ይጠመጠማል፣ ከላይ ከአሮጌ የሱፍ ኮት የተቆረጠ ጨርቅ ይሰፋል። ለዓይን ጥቁር ዶቃ አደረገች፤ ለሟቹ ግን ዶቃውን ገልብጣ ሰፋችው፣ አያብለጨልጭም። ጠረጴዛው የጫማ ሳጥን ክዳን ነው፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ በር የተሳለበት ካርቶን ነው። እኔ ጨርቅ በመቁረጥ አገዝኳት፤ ከመቀመጥ ይሻላል።

ሱፍ አንድ ጠባይ አለው። በጣት በተነካ ቁጥር ፀጉሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይተኛል። ፎቶዎቹ ሲሮጡ ያ ሁሉ የጣት አሻራ ይርመሰመሳል፤ ሚስቲቱ ስትሰፋ መላ አካሏን ጉንዳን የወረራት ትመስላለች። ሟቹ ግን ወንበሩ ላይ በማጣበቂያ ስለተጣበቀ እምብዛም የሚነካው የለም።

"የሞተ ሰው ጥሩ ተዋናይ ነው" አለ ፎቶ አንሺው። "አያረፍድም፣ ሻይ አምጡልኝ አይልም።"

"በቁሙም አይልም ነበር" አለች።

ፊልሙ አጭር ነው። ሚስት ትሰፋለች፤ የባል ክርን መጋረጃው ላይ ነው። እንዲነሳ ትለምነዋለች፤ ሲሰለቻት ስፒሎቿን ደረቱ ላይ ትሰካለች። ደንበኛ በካሜራው በኩል ብቅ ትልና ስለ ቀለሙ ባልየውን ታማክረዋለች፤ ዝም ሲላት የተስማማ መስሏት ደስ ብሏት ትወጣለች። በመጨረሻ ሚስቲቱ መላ ስታጣ ዙሪያውን ቀምቅማ ከመጋረጃው ጋር ትሰፋዋለች። መጋረጃው ተጭኖ ሄዶ አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል፤ እሱም ከታች በኩል እንደተቀመጠ ይንጠለጠላል። ተናጋሪው ንግግር ያደርጋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ማንም አያየውም።

ፎቶዎቹን ገጣጥመን ስናይ ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ።

"እትዬ፣ ይህ ሰውዬ አልሞተም።"

ኮሌታው ይንቀጠቀጣል። ሌላው አካሉ ድንጋይ ነው፤ ኮሌታው ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጎሮሮው ሥር አንዳች ነገር የሚተነፍስ ይመስላል።

"ኮሌታውን ነካክተሽዋል።"

"አልነካሁትም።"

እኔም አጠገቧ ስለነበርኩ አልነካችውም ብዬ መሰከርኩ። ፎቶ አንሺው ግን እንደገና አስቀመጣትና አንዱን ክፍል ድጋሚ ማንሳት ጀመሩ። አሁን እጇን አየሁት። የሚስቲቱን ክንድ ታነሳለች፣ መርፌዋን ታስተካክላለች፤ እጇ ወደ ራሷ ሲመለስ መንገድ ላይ የባልየውን ኮሌታ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ያቃናል። ከዚያ ጭኗ ላይ ያርፋል። እሷ የምታየው ካሜራውን ነው።

"ይኸው" አለ ፎቶ አንሺው፣ ቀልዱን ትቶ።

እጇን አገላብጣ አየችው። "እሱ ኮሌታ አይሆንለትም ነበር" አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ፎቶ አንሺው ከመጀመሪያው እናንሳው፣ በመስታወት እንከልለዋለን ቢላት፣ "ተወው፣ ደክሞኛል" አለችው።

ልጅቷ ዘንድ የደወልኩት እኔ ነኝ። ስልክ ላይ እንደማፍር ስለምታውቅ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"በአባዬ ሞት አስቂኝ ፊልም ሠራች ነው የምትይኝ?"

"አዎ፣ ልጄ።"

"እና እንድስቅላት?"

"እንድታይላት ብቻ።"

መጣች። በፎቶ ቤቱ የጓሮ ክፍል ውስጥ ነጭ አንሶላ ተሰቅሎ የሕንፃችን ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ወንበር ይዘንላት ሳለ በሩ ሥር ቆማ አየች። ደንበኛዋ ሟቹን ስታማክር ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። ከላይ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። ሰዉ እስኪወጣ ጠብቃ ወደ እናቷ መጣች።

"ኮሌታው ለምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው?"

"እሱ እንኳ የቴክኒክ ስህተት..." ብሎ ፎቶ አንሺው ጀመረ።

"እጄ ነው" አለች እናት። "እኔ አላዘዝኩትም።"

ልጅቷ አንሶላውን አየች። ባዶ ነው። የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ሳበች፣ ወደ ታች መለሰችው። የምትሄድ መስሎኝ እኔ ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ።

"እኔስ የት አለሁ?" አለች። "ስገባ እኮ ገና እየሰፋሽ ነበር።"

"በሩ አይከፈትም። ካርቶን ላይ የተሳለ ነው።"

"ቅደጂው ታዲያ።"

እሑድ ጠዋት ብርጭቆዎቼ ሳይንኳኩ ቆዩ፤ ምን ሆና ነው ብዬ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ በሩ በምላጭ ተቆርጦ ተከፍቷል። እናት ሽቦ ላይ ቡናማ ክር ትጠመጥማለች። ልጅቷ አገጯን በእጇ ደግፋ ከላይ ትቆጣጠራለች።

"አፍንጫዬን አታግዝፊው።"

"የአባትሽ ነው፣ ምን ላድርግ።"

"ቀንሺው።"

"ቀንሼ ነው እኮ።"