የያይኔአበባ የጥር ፈተና

ያይኔአበባ ከማንኩሳ ባሻገር ካለው መንደሯ ተነሥታ ባሕር ዳር ኮሌጅ የገባችው በ1979 ዓ.ም. ነው። ከዚያ መንደር ሴት ልጅ ኮሌጅ ስትደርስ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ታዲያ መድረስ ብቻውን ምን ያደርጋል? የመጀመሪያውን መንፈቅ ያላለፈ ተማሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደመጣበት ይሸኛል፤ ነገሩ የሚቆረጠውም በጥር ፈተና ነው። «ተባርሬስ የእናቴን ደጅ አልረግጥም!» እያለች ከኬሚስትሪ ጋር ግብግብ ገጥማ ሳለ፣ ፈተናው ደጅ በደረሰበት ሰሞን ጎረቤታቸው ዘሩ ከግቢው በር ላይ አስጠራት። በርበሬ ጭኖ የመጣ ነው። መሬት መሬት ያያል።

«ምነው አያ ዘሩ፣ በደኅናዎ?»

«ደኅና ነው። እናትሽን... ትንሽ አሟታል። አጎትሽ ይሄይስ ቶሎ ትድረስ ብሏል።»

«ምኗን ነው ያመማት?»

«እንጃ ልጄ። ትንሽ ነው።»

ትንሽ! ጎጃም ያደገ ሰው ይህችን «ትንሽ» ያውቃታል። መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። የታመመችማ ብትሆን ራሷ ሰላምታ ልካ፣ ራሷ «ነይልኝ» ትል ነበር። በሰው አፍ «ትንሽ» የሚያመው የተቀበረ ሰው ነው።

ያይኔአበባ ደብተር እንኳ ሳትይዝ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ዱርቤቴ ላይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ቡሬ ስትደርስ ዐይኗ አብጦ ነበር። ማንኩሳ ወርዳ ዳገቱን ስትጨርስ ከእናቷ ደጅ ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ግጥም ብሎ አየች። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

«እናቴ! ሳልደርስልሽ! እናቴ!»

ደረቷን እየደቃች፣ ፊቷን እየነጨች ዘው ብላ ገባች። መሀል ላይ ገላነሽ፣ እናቷ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። ቆማ!

«ያይኔ! ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ!»

ማንቆርቆሪያው ከገላነሽ እጅ ወደቀ። «እኔ? እኔማ እልል ልልልሽ ነው የቆምኩት። ይሄይስ ‹ልጅቱ እሺ ብላለች፣ ኮሌጁም ተዘግቷል› ቢለኝ ነው እንጂ!»

የለቅሶ የመሰላት ዳስ የገዛ ራሷ የሠርግ ዳስ ነበር! ከፍ ካለው ወንበር ላይ የቡሬው ባለጸጋ ክንፈሚካኤል፣ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ፣ ከነሽማግሌዎቻቸው ተቀምጠዋል። ይሄይስ ብድግ አለ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው።

«እልል በሉ እንጂ! ደስታ ነው ያስለቀሳት!»

ያይኔአበባ ደም የቋጠረ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። እስከዚያች ቀን ድረስ በትልቅ ሰው ፊት ድምፅዋ ከፍ ብሎ አያውቅም።

«አያ ይሄይስ! በየስብሰባው ‹ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮቱ ግቡን አይመታም› ይሉ የለም? የእኔ ተሳትፎ ይኼ ነው? እናቴን ገድለው ሊድሩኝ?»

«ዝም በይ አንቺ! በሰው ፊት!»

«የገደሏትስ በሰው አፍ አይደለም?»

ክንፈሚካኤል ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ሊቀ መንበር፣ ፈቅዳለች ብለውን ነበር። ደግሞስ ሙሾ በወረደበት ዳስ ማን ልጁን ይድራል? የጎጆ ሟርት ነው።»

«ኧረ ይቀመጡ! ጠበል ይረጫል፣ ቄሱም እዚሁ ናቸው!»

ከጓዳ በኩል አንዲት አሮጊት፣ «ወይ ጉድ! ‹እግዜር የለም› ሲሉን ከርመው፣ ሊቀ መንበሩ ዛሬ ጠበል አማራቸው!» ቢሉ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የቡሬ ሰዎች ግን አልሳቁም፤ በቅሎዎቻቸውን አስጭነው ሄዱ።

ይሄይስ እኅቱ ላይ ጮኸ። «ይኼ ሁሉ ድግስ ምን ሊሆን ነው? ልጅሽ አዋረደችኝ!»

«ብላው!» አለች ገላነሽ። «ቁሜ ሳለሁ ቀብረኸኝ የለ፣ ተዝካሬን ብላ! ልጄ ነገ በጧት ትሳፈራለች።»

ተሳፈረችም። ፊቷ እንደተቧጨረ ፈተና ክፍል ገባች። ተፈታኞቹ ሲያፈጡባት እስክሪብቶዋን ጨብጣ ወረቀቱ ላይ ተደፋች፤ ካጠናችው ግን ግማሹ ከእንባዋ ጋር ፈሶ ነበር። ውጤት ሲለጠፍ የመኝታ ጓደኛዋ አቻምየለሽ ዘልላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አለፍሽ እኮ! ምን ያኮሳትርሻል?»

«ኬሚስትሪዬን አላየሽም? ‹ሲ›! ለ‹ቢ› ነበር እኮ የተዘጋጀሁት! ማን ይመልስልኛል?»

«ኧረ በፈጣሪ! ስንቱ ጓዙን እየጠቀለለ?»

አልበረደላትም። በዚያው ቁጣ ሁለተኛውን መንፈቅ አረሰችው፤ ሰኔ ላይ ወደ ሁለተኛ ዓመት ተሻገረች። ክረምት አገሯ ስትገባ፣ ይሄይስ በየጠላ ቤቱ «ልጄን ኮሌጅ አስገብቼ አሳለፍኩ!» እያለ መፎከሩን ሰማች። ማንኩሳ ገበያ ላይ ተገናኙ። እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። እሱም ሰው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እስቲ ንገሪያቸው፣ ማን ነው ያስተማረሽ?» አላት።

«እናቴ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።