«አላጨስም» ያልኩበት ቀን

መጀመሪያ የሄደው የድምፄ ቀጭኑ ክፍል ነው። መዝሙር ሳስጀምር ከፍ ወደሚለው ቦታ ስደርስ ድምፄ ይሰነጠቃል። ጉንፋን መሰለኝ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፣ አንገቴን በፎጣ ጠቀለልኩ፣ ምንም አልለወጠም። ወር ሲሞላ ድምፄ ጭራሽ ጎርንኖ ቀረ።

ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ባለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ከሐዋሳ ሞያሌ የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ለመጋቢነት፣ ማለትም ለምእመናኑ እረኝነት፣ እንደመረጡኝ የነገሩኝ ድምፄ ከመጎርነኑ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ነው። ከመንገድ ላይ ተነስቼ እዚያ መድረሴን እኔም ማመን አቅቶኝ ነበር።

አንድ ሰው ቢደነግጥልኝ ጥሩ ነበር። ማንም አልደነገጠም፤ እንዲያውም ምእመናኑ ወደዱት። «ወንጌላዊ፣ ድምፅህ ላይ ቅባት ወርዷል» ይሉኛል። በእኛ ዘንድ ቅባት ማለት የመንፈስ ቅዱስ ኃይል ነው፤ ድምፁ የጎረነነ ሰባኪ ብዙ የጸለየ፣ ብዙ የጮኸ ተደርጎ ይታያል። እኔም ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እሁድ ማይክ ከመጨበጤ በፊት ድምፄ እንዳይጠራብኝ የሰጋሁበት ጊዜ ነበር።

ቅድስናን ከልቤ እፈልግ ነበር። ይህን ማንም አይውሰድብኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እጾማለሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እጸልያለሁ፣ ያስቀየምኩትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልላቀቅ አለኝ። ሹፌር ሳለሁ በቀን ሁለት ፓኮ አጨስ ነበር። ከተጠመቅሁ በኋላ ቀነስኩ እንጂ አልተውኩም። ማክሰኞና ዓርብ ቱላ ያሉ ምእመናንን ልጎበኝ ስሄድ፣ ከባጃጅ ቀደም ብዬ ወርጄ፣ ከአንድ የእንሰት ማሳ ጀርባ ቆሜ አጨሳለሁ። እጄን በሎሚ አሽቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ እገባና ስለ ንጽሕና አስተምራለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሆነ። ለመጋቢነት ስመረጥ የመጨረሻውን ፓኮ ሽንት ቤት ጣልኩት። ለሹመቱ በሞላሁት ቅጽ ላይ ግን «ከተጠመቅሁ ጀምሮ ከሱስ ሁሉ ነጻ ነኝ» ብዬ ፈርሜ ነበር።

ድምፄ በጎረነነ በሦስተኛው ወር ሐኪም ጋ የወሰደኝ ጋሽ ዳንጊሶ ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ነው፤ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። እኔን ከመኪና መናኸሪያ አንስቶ ወደ ጌታ ያመጣኝ፣ ለሠርጌም እንደ አባት የቆመልኝ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ታማሚ ብቻውን ሐኪም ቤት አይላክም። እናም ጋሽ ዳንጊሶ ከአንገት በላይ ሐኪሟ ክፍል ድረስ አብሮኝ ገባ፤ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እየጻፈች ጠየቀችኝ።

«ሲጋራ ያጨሳሉ? ወይም ከዚህ በፊት ያጨሱ ነበር?»

ጋሽ ዳንጊሶ ሳቀ። «እሱ? ኧረ ዶክተር፣ የእግዚአብሔር ሰው እኮ ነው!»

«አላጨስም» አልኩ።

ሰዋስዉ ትክክል ነው። በዚያን ቀን አላጨስም ነበር። የተጠየቅሁትን ግማሹን ብቻ መለስኩ፤ ግማሹን ዋጥኩት። ሐኪሟም ጻፈች።

«ጮኸው ነው የሚሰብኩት?»

«ጣሪያው እስኪነሳ!» አለ ጋሽ ዳንጊሶ፣ በልጁ እንደሚኮራ አባት።

የድምፅ አውታሬ ተቆጥቶ ይሆናል አለች። የጨጓራ አሲድ መድኃኒት አዘዘችልኝ፣ ሁለት ሳምንት እንዳልሰብክም ነገረችኝ። «በሦስት ሳምንት ካልተሻለዎት የግድ ይመለሱ፤ በካሜራ አየዋለሁ» አለች። አልተመለስኩም። ጉባኤ ነበር፣ ከዚያ የሹመቱ ዝግጅት መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ዳግመኛ እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ከብርቱካን ጋር ዓሣ ልንገዛ አሞራ ገደል ወርደን ነበር። ከሐይቁ ዳር ወደ መንገዱ ስንመለስ ትንፋሼ ማፏጨት ጀመረ። ቆምኩ። ሳልኩ። መሐረቤ ላይ ደም ነበር። ብርቱካን አየችው። የገዛነውን ዓሣ መልሳ ለሻጩ ሰጠችውና ባጃጅ ጠራች።

«ጋሽ ዳንጊሶ ጋ ልደውል» አልኳት።

«ዛሬ ሁለታችን ብቻ ነን» አለች።

ያቺው ሐኪም ላሪንጎስኮፒ ሠራችልኝ። ቀጭን የካሜራ ገመድ ነው። በአፍንጫ ይገባል። እንባዬ ወረደ። እሷ ስክሪኑን አየች። ገመዱን ቀስ ብላ አወጣች።

«ዕጢ አለ» አለች በመጨረሻ። «ለባዮፕሲ ምርመራ ከሥጋው ናሙና እንወስዳለን።»

«ዶክተር» አለች ብርቱካን። «ያጨስ ነበር። እስካለፈው ዓመት ድረስ።»

ዞሬ አየኋት። ስምንት ዓመት ሸሚዜን ያጠበች ሴት ናት። ለካ ሁሌም ታውቅ ነበር።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ያን ጊዜ ነግረውኝ ቢሆን፣ በዚያው ቀን በካሜራ አየው ነበር።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ። የማንቁርት ካንሰር። ሲቲ ስካኑ ዕጢው ወደ ማንቁርቴ ልም አጥንት መግባቱን አሳየ። ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልኝ።

«ማንቁርትዎ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገትዎ ላይ በምንከፍተው ቀዳዳ ነው። የራስዎ ድምፅ አይኖርዎትም።»

«ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን?»

«ምናልባት በጨረር ብቻ እናድነው ነበር።»

ለቀዶ ጥገናው አራት ቀን ቀረኝ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳንጊሶ ጋ ደወልኩ። ልናዘዝ ነው። በገዛ አፌ። «ጋሽ ዳንጊሶ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው» አልኩት። ያለቀስኩ መሰለው። «አይዞህ ልጄ፣ ዝም ብለህ ስማኝ» አለና መጸለይ ጀመረ። ረጅም ጸሎት ነው። እያለቀሰ ጸለየ። ሲጨርስ ጠበቀኝ።

«አሜን» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ማንቁርቴን አወጡት።

ማገገም ዝግ ያለ ሥራ ነው። መጀመሪያ በአፍንጫዬ በገባ ቱቦ ወተትና ሾርባ እየተመገብኩ፣ በአንገቴ ቀዳዳ የሚወጣውን አክታ ነርሶቹ በማሽን እየሳቡልኝ፣ ለመናገር አፌን ከፍቼ አየር እንኳ እንደማይወጣ ሳየው እየደነገጥኩ ሳምንታት አለፉ። ቀጥሎ የጨረር ሕክምናው መጣ፤ የአንገቴ ቆዳ ጠቁሮ ተላጠ፣ ምራቄ ደረቀ፣ የምግብ ጣዕም ጠፋብኝ። ብርቱካን ስቶማውን፣ የአንገቴን ቀዳዳ፣ ማጽዳት ከነርሶቹ ተምራ፣ ከስስ ጨርቅ መሸፈኛ ሰፍታልኝ፣ አቧራና ቀዝቃዛ አየር እንዳይገባብኝ እንደ ሕፃን እየጠበቀችኝ ሐዋሳ መለሰችኝ። ደብተርና ብዕር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሄድ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሕዝቡ ተነስቶ ተቀበለኝ። ጋሽ ዳንጊሶ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ድምፁን ለወንጌል የሰጠ አገልጋይ!» አለ። ሹመቱ እንደሚቀር ገምቼ ነበር፤ እነሱ ግን በሚቀጥለው ወር ሊሾሙኝ ወስነዋል። የሚሰብክ ሌላ ይገኛል፣ እሱ በመከራው ይሰብካል ብለው። ከተጠመቅሁ ጀምሮ የፈለግሁት ነገር በእጄ ሊገባ ነው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ዝም ማለት ደግሞ አሁን ችግሬ አይደለም።

ሦስት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። በአራተኛው ቀን አራት ገጽ ጽፌ ጋሽ ዳንጊሶ ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ ደብዳቤ በልቡ ማንበብ አይችልም፤ መነጽሩን አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው። «ከተጠመቅሁ በኋላ ስምንት ዓመት ተደብቄ አጨስ ነበር» ብሎ አነበበ። ቀጠለ። «ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እርስዎ አጠገቤ ነበሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እኔን አፍረህ ነው?» አለኝ።

ደብተሬ ላይ «መጋቢነቱ እንዳይቀርብኝ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «እኔ ደግሞ ሳቅሁ» አለ። «ዶክተሯ ስትጠይቅህ እኔ ነኝ የሳቅሁት።» ከዚያ ወረቀቱን አጣጠፈ። «እሁድ አንተ ትቆማለህ። እኔ አነብልሃለሁ።»

እሁድ ቆምኩ፣ እሱም አነበበ። «እኔ ዋሽቻለሁ» ሲል የእሱ ድምፅ ነው፤ ሕዝቡ የሚያየው ግን እኔን ነው። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ተነስቶ ወጣ። ሹመቱ ቀረ። ዛሬም እንደቀረ ነው። የሚሸሹኝ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ጥሪዬ ግን አልለቀቀኝም፤ ጠዋት ስነሳ እዚያው ደረቴ ውስጥ አገኘዋለሁ፣ ያመኛል። በየሦስት ወሩ ለምርመራ ስሄድም ውጤቱ እስኪነገረኝ እፈራለሁ።

ላመሰግን እወዳለሁ። ሐኪሟን፣ ስላልፈረደችብኝ። ብርቱካንን፣ ሌላው ዝም ባለበት ሰዓት ስለተናገረች። ጋሽ ዳንጊሶን፣ ውርደቴን በራሱ አፍ ስለተሸከመልኝ።

ይህን ለምታነቡ ደግሞ፤ ድምፃችሁ ከጎረነነ ሦስት ሳምንት ካለፈው፣ ሰው ቢያደንቅላችሁም ሐኪም ጋ ሂዱ። የምታፍሩት ሰው አብሯችሁ ከመጣ፣ ውጭ እንዲጠብቃችሁ በትሕትና ለምኑት። አገልጋዮች ከሆናችሁ ይህን ከሁሉም በላይ ለእናንተ እላለሁ። ከዚያ የተጠየቃችሁትን በሙሉ መልሱ፣ ያልተጠየቃችሁትንም ጨምሩበት። እኔ ያን ቀን እውነቱን የምናገርበት ድምፅ ነበረኝ።