የማንገዛው ቤት

ልጅ እያለሁ የእሁድ መዝናኛችን የማንገዛውን ቤት ሄዶ ማየት ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሌላው ሰው ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ፣ እኛ ሦስታችን አባቴ ጋዜጣ ላይ በእስክሪብቶ ያከበበውን አድራሻ ይዘን በአሮጌዋ መኪናችን እንወጣለን። ስቶክሆልም ውስጥ የሚሸጥ ቤት እሁድ ለአንድ ሰዓት ያህል ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ «ቪስኒንግ» ይሉታል። ገዢም ሁን ሥራ ፈት፣ ሰማያዊ የላስቲክ ሽፋን ጫማህ ላይ አጥልቀህ ገብተህ ቁም ሣጥን ሳይቀር ብትከፍት ተው የሚልህ የለም። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት ማመን አቅቶት ነበር። አዲስ አበባ ሳለ አናጺ ነበር። እዚህ ሶደርተልየ የከባድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ ሳምንቱን ይገፋና፣ እሁድ እሁድ የሰው ደረጃ እየደባበሰ፣ የሰው በር እየከፈተ እየዘጋ ነፍሱን ያሳርፋል።

እኔ ደግሞ ክፍል እመርጥ ነበር። ሮግስቬድ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ስለነበረች፣ የምተኛው ሳሎን፣ ተዘርግቶ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ ነው። ስለዚህ በየሄድንበት ቤት ለራሴ አንድ ክፍል መርጬ፣ አልጋዬን በሐሳቤ መስኮቱ ሥር አስጠግቼ፣ ደብተሮቼን ደርድሬ እወጣለሁ። ማታ ሶፋው ላይ ሆኜ የመረጥኳቸውን ክፍሎች ስቆጥር እንቅልፍ ይወስደኛል።

እናቴ ግን የቪስኒንግ ነገር ጨርሶ አልገባትም ነበር፤ ወይም ገብቷት እንዳልገባት መሆን መርጣ ነበር። የሰው ቤት ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው ብላ ሁልጊዜ ድፎ ዳቦ ይዛ ትሄዳለች። ኮባ ስለማይገኝ በምድጃ ወረቀት ጠቅልላ የጋገረችውን፣ ጥቁር አዝሙዱ ከሩቅ የሚሸተውን ድፎ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ በር ላይ ለቆመው ደላላ በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። ደላላው ይቀላል፣ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ የሚያስቀምጥበት ይጠፋዋል። እኔ በሃፍረት የምገባበት ጉድጓድ አጣለሁ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይስቃል።

በዚያ ዘመን እዚህ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእናትና የአባታችን አፍ እኛ ነበርን። እኔና እናቴ አባቴን ተከትለን ስንመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ ስዊድንኛውን እንደ ውኃ እጠጣዋለሁ። እናቴ ቋንቋ ትምህርቱን ጀምራ፣ የማታ የጽዳት ሥራ ስታገኝ አቋረጠችው። አባቴ ቢችልም ፈረቃ ላይ ነው። እናም ሐኪም ቤቱም፣ ቢሮውም፣ ስልኩም፣ የትምህርት ቤት ስብሰባውም በእኔ በኩል ያልፋል። ሲያልፍ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እነካካው ነበር። መምህሬ «ክፍል ውስጥ ወሬ ታበዛለች» ስትል፣ «ተሳትፎዋ ከፍተኛ ነው ትላለች» ብዬ ስተረጉምላት፣ እናቴ እዚያው ግንባሬን ስማኛለች።

በአንድ ግንቦት ያየነው ቤት ግን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር። ወደ ኒነስሃምን ከተማ ሲሄዱ፣ ባሕሩ ጋ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ በጠጠር መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቢጫ የእንጨት ቤት ነው። ማዕዘኖቹ ነጭ፣ ፊት ለፊቱ በትንንሽ መስታወቶች የተሠራ በረንዳ፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፋል ተባለ። አትክልት ቦታውን ምን ልበላችሁ፣ የእኛ ሕንፃ ከነመኪና ማቆሚያው ገብቶበት ይተርፋል። ፖሞቹ አብበዋል። ሲሬን የሚሉት ሐምራዊ አበባ ሽታው ራስ ያዞራል። ከታች በዛፎቹ መሀል ባሕሩ ብልጭ ይላል። ውስጡ ሰም የተቀባ እንጨትና የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ነበረው። አባቴ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሰውን፣ ቤት የሚያሞቀውን የሸክላ ምድጃ ሲያይ «ወይኔ!» ብሎ ተንበረከከ፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መነጋገር አልተቻለም።

እኔ ላይኛው ፎቅ ላይ ባሕሩን የምታሳይ ጠባብ ክፍል አገኘሁ። በሌሎቹ ቤቶች ስመርጥ ለጨዋታ ነበር። ይቺን ግን ከልቤ ፈለግኋት።

እናቴን ፍለጋ ስወርድ ጓሮ አገኘኋት። በር ላይ ደላላው ስልክ ይዞ ስለነበር ሳትሰጠው ያለፈችውን ድፎ በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው ቅጠል ትቆርጣለች። ቅጠሉ ስፋቱ ጃንጥላ ያክላል፣ አገዳው ቀይ ነው። «ነይ ተመልከቺ፣ የፈረንጅ ኮባ! ከእንግዲህ ድፎዬን በዚህ ነው የምጋግረው» አለችኝ። ሁለተኛውን ስትቀነጥስ፣ ጓሮው ዳር ካለው የችግኝ መስታወት ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት እጃቸውን እያወናጨፉ ወጡ። «ተዪው! አገዳው ነው የሚበላው፣ ቅጠሉ መርዝ ነው!» ስተረጉምላት እናቴ ቅጠሉን ወርውራ እጇን በቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

የቤቱ ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ ስማቸው ብሪታ ነው። እዚህ አገር የሚሸጥ ቤት ሲታይ ባለቤቱ ዞር እንዲል ይደረጋልና ደላላው ውጡ ብሏቸው፣ መሄጃ ስላጡ ከቲማቲም ችግኞቻቸው መሀል ተቀምጠው የሰው ኮቴ ሲያዳምጡ ነበር። ይህን ስነግራት እናቴ ደረቷን ደቃች። «እንግዳ ቤት ውስጥ፣ ባለቤት ውጭ? ምን ዓይነት ጉድ ነው!» ባላቸው በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት እንደሞቱ ስትሰማ ደግሞ ነገሩ ቤት ማየት መሆኑ ቀረ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ድፎውን ጉልበታቸው ላይ አኖረች፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ ለቅሶ ደረሰች። ሴትየዋ ድፎውን ቆርሰው ቀመሱ። ደግመው ቆረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቤቱን ልትገዙ አስባችኋል?» አሉ።

«ንገሪያቸው» አለች እናቴ። «እኛ ገዢዎች አይደለንም፣ ለማየት ነው የመጣነው። ቤታቸውን ደግ ሰው ይግባበት በያቸው።»

ቀና ብዬ የላይኛዋን መስኮት አየሁ። ከዚያም ጥርት ባለ ስዊድንኛ፣ «እናቴ እንገዛዋለን ትላለች» አልኩ። ያም አልበቃኝ። «ከዛፎቹ አንዱንም አንቆርጥም ትላለች።»

ሴትየዋ የእናቴን እጆች በሁለት እጃቸው ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እናቴ ምርቃቷ የነካቸው መስሏት «አሜን፣ አሜን» አለች። ስልካችንን ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ። በመኪና ስንመለስ አባቴ ስለ ምድጃው፣ እናቴ ስለ እማማ ብሪታ ብቸኝነት ያወራሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ያቺን ክፍል በሐሳቤ አሰናዳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቃሉ ከወጣ ቤቱም ተከትሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ስልኩ ጮኸ፤ እንደ ወትሮው ያነሳሁት እኔ ነኝ። እማማ ብሪታ ናቸው። ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ቤቱን ለመግዛት እንደቆረጡ፣ ደላላው ፈርሙ እያለ እንደሚወተውታቸው፣ እሳቸው ግን ለእኛ ብለው እንዳስቆሙት ነገሩኝ። «እስከ እሁድ መልስ ካልሰጠኋቸው ሌላ ቤት ሊይዙ ነው። እኔም እህቴ ሰፈር ያገኘሁት ቤት ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል። አባትሽ መቼ ይደውላል?» አሉ። «ነገ» አልኩ። ሐሙስ ደወሉ፣ «ነገ» አልኩ። ዓርብ ስልኩ ሲጮህ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ። እሳቸው ገዢ አጥተው፣ የእህታቸውም ሰፈር ቤት ሄዶባቸው፣ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይታዩኛል። እንዲህ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ አልበላ ስል እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች። ትኩሳት የለም። «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ደግሞ ዛፍም አንቆርጥም አልኩ?» አለች። አባቴ የቅዳሜ ፈረቃ ላይ ነበር። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ተነሺ፣ ልበሺ።» ከዚያም በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ተመልሳ የተረፈውን ድፎ በፎጣ ጠቀለለች፤ ለጥፋትም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድማ።

በምድር ባቡር፣ ከዚያ በትልቁ ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄደን የጠጠሩን መንገድ በእግራችን ገባን። እማማ ብሪታ መስታወት ቤቱ በር ላይ ሲያዩን ፊታቸው በራ። አባቴን ፍለጋ ከኋላችን ተመለከቱ።

«ንገሪያቸው» አለችኝ እናቴ፣ ወደ ፊት ገፋ አድርጋ።

ያኔ አንድ ነገር ተከሰተልኝ። እናቴ የምለውን አትሰማም። አባቴ ታሟል ብል፣ ባንኩ ከለከለን ብል፣ ሐሳባችንን ቀየርን ብል የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን። ያንን ውሸት እዚያው አዘጋጅቼ ምላሴ ላይ አስቀምጬው ነበር። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት ግን ከንፈሬን ነበር የምታየው፤ አንዱንም ቃል ሳታውቅ፣ ሙሉ በሙሉ አምናኝ። «እናቴ እንገዛለን አላለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልኩት። እኛ ቤት አንገዛም። እሁድ እሁድ ለማየት ብቻ ነው የምንመጣው።»

እማማ ብሪታ የያዙትን ውኃ ማጠጫ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። «ስለ ዛፎቹ ያለችውስ?» አሉ። «እሱም እኔ ነኝ።» ወደ ችግኞቻቸው ዞረው የአንዱን ቅጠል ሲነካኩ ቆዩ። የሰው ጀርባ እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

እናቴ ታዲያ ሳትጠየቅ ጀመረች። «ጥፋቱ የእኔ ነው በያቸው። የአዋቂ ነገር በልጅ ጫንቃ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤቱን፣ ቢሮውን፣ ሁሉን በእሷ አፍ ስጨርስ ልጅ መሆኗን ረሳሁት። ይቅር ይበሉኝ በያቸው።» እናቴ ስለ እኔ ብላ አንገቷን ስትደፋ ያየሁት ያኔ ነው።

«ምን አለች?» አሉ እማማ ብሪታ ዞረው።

ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ። ማለት ግን አልቻልኩም፤ የእኔን ጥፋት ለእናቴ አሸክሜ በሰው ፊት ላቆማት አልቻልኩም። «በራስሽ አፍ ይቅርታ ጠይቂ ትላለች» አልኩ። «ይቅርታ።» ከዚያ አለቀስኩ።

እጃቸውን ዘርግተው እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡኝ። «ተቀብያለሁ» አሉ። ለእናቴ ነገርኳት፤ የእሷን ይቅርታ የተቀበሉ መስሏት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቤት ገብተው ለደላላው ሲደውሉ በሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ባልና ሚስቱ አልተዉትም ነበር፤ ሰኞ ይፈርማሉ ተባለ። ይህን ስሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ ብሪታ የደረቀውን ድፎ ቅቤ ቀብተው አካፈሉንና፣ ስንወጣ ለእናቴ አንድ ክንድ ሙሉ ቀይ አገዳ አስታቀፏት። ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆርጠው ጥለውላት ነበር።

ሮግስቬድ ስንደርስ፣ የሕንፃችንን ደረጃ ስንወጣ እናቴ ቆም አለች። «ከሰኞ ጀምሮ ቋንቋ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ» አለች። ተመለሰችም። ማታ እየሠራች፣ ጠዋት እየተማረች፣ አውቶቡስ ውስጥ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ እየወሰዳት ጨረሰችው።

አሁን እናቴ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ረዳት ነርስ ናት፤ በስዊድንኛ ትቀልዳለች፣ በስዊድንኛ ትቆጣለች። ልጄን በአማርኛ ስታናግረው በስዊድንኛ ይመልስላታል፣ እሷም በዚያው በስዊድንኛ አፉን ታስይዘዋለች። ሐኪም ቤት አብሬያት ስገባ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እናገራለሁ» ትለኛለች። ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን አፏ የነበርኩበት ጊዜ አንዳንዴ ይናፍቀኛል፤ ያኔ ያለ እኔ የትም አትሄድም ነበር።

በቅርቡ ከባለቤቴ ጋር ሜርስታ ቤት ልናይ ስንሄድ ይዘናት ሄድን። የምር ልንገዛ ነው፤ ፎቶውን አስቀድመን በስልክ አይተነዋል፣ ቀጠሮ ተይዞልናል፣ ደላላው በእጁ ሰዓት ይዞ ነው የሚያስገባን። ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው አላየሁም። እናቴ ድፎዋን ለደላላው ሰጠችና፣ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚቆረስ ራሷ አስረዳችው። እኔ ዝም ብዬ ቆሜ አየኋት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለሁለታችን ብቻ እንደሚሰማ ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። በእማማ ብሪታ መስታወት ቤት በር ላይ እሷ ያለችውን እንዳልተረጎምኩት፣ ሴትየዋ የተቀበሉት የእኔን ይቅርታ ብቻ እንደነበር። ከመንገዱ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ የእኔን ይቅርታ የት አደረስሽው?»

«እኔ ጋ ቀረ፣ እማዬ።»

እጄን ስባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅር» አለች። «ድሮም ላንቺ ነበር የሚገባው።»