ጋሽ መኮንን የሞሉልኝ ፎርም

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ሆነን ሴት ልጄን ላስመዘግብ ትምህርት ቤት ስገባ፣ አዲስ የተቀባ የወለል ሰም ሸተተኝና ጋሽ መኮንን ትዝ አሉኝ።

ሲያትል በተማርኩበት ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አገር ቤት የሒሳብ መምህር ስለነበሩ ሰማያዊ ቢክ ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም፤ የምንኖርበትን ሕንፃ ሐበሻ ሁሉ ፎርም የሚሞሉት እሳቸው ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ ባለ ፎቅ ነው። ላይ የሚማሩት ጎበዝ ተብለው ተመርጠው ከሌላ ሰፈር በአውቶቡስ የሚመጡ ልጆች ናቸው፣ ከጥቂቶች በቀር ነጮች። ታች እኛ የሰፈሩ ልጆች፣ ጥቁሮችና ስደተኞች። በአንድ በር ገብተን ደረጃው ላይ እንለያያለን። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የዓመቱን ሒሳብ በኅዳር ጨርሼ እስከ ሰኔ ያንኑ ወረቀት ስደጋግም፣ ከላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማኝ ነበር። መታፈን ማለት ለእኔ እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ነው።

ላይ የሚያስገባውን የምርጫ ፈተና አለፍኩ። የቀረው ወላጅ ስለ ልጁ የሚመሰክርበት ፎርም ብቻ ነበር። ጋሽ መኮንን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ፕላስቲክ የለበሰው ሶፋችን ላይ ተቀመጡ።

«ልጅሽ ከእኩዮቿ ትበልጣለች ወይ ነው የሚለው» አሏት እናቴን።

«በስመ አብ! እንደ ማንም ልጅ ናት በሉልኝ፣ ጋሼ። ሰው ዓይን ውስጥ ትገባብኛለች።»

«ሳትታዘዝ ታነባለች?»

«አልፎ አልፎ።»

ጉልበቴ ላይ የላይብረሪ መጽሐፍ ተዘርግቷል። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባምና ገጹን ገለጥኩ። እሳቸውም የሰው ቃል አይለውጡም፤ ያለችውን ጻፉ።

አልተቀበሉኝም። የወላጇ ምስክርነት ደካማ ነው ተባለ። ጋሽ መኮንን ኮሪደር ላይ መወልወያቸውን ተደግፈው፣ «እኔው በእጄ ዘጋሁብሽ፣ ልጄ» አሉኝ። በዓመቱ ደግሞ ቦታ ሞልቷል ተባልን።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ መኮንን፣ እናቶች ልጃቸውን ጮክ ብለው ካላሞገሱ ቢካቸውን አይከፍቱም ነበር። «ትሕትናሽን ከጫማው ጋር በር ላይ ተይው!» ይላሉ። እናቴን እንዲህ አስጨንቀው ታናሽ እህቴን ላይኛው ፎቅ አስገቧት። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። አምስተኛ ክፍልን ታች ስጨርስ ከሚጎተቱት ወንበሮች አንዱ የእህቴ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሰጡኝ ፎርም ያንኑ ይጠይቃል። እጄ ሳላዘው «አልፎ አልፎ» የሚለው ምርጫ ላይ ሄዶ ቆመ። እናቴ ከጎኔ አየችኝ።

«እንደሷ ያለ የለም በይ» አለች፣ ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብላ። ከዚያ ቶሎ ብላ አማተበች።