አስካለማርያም ጎደሎ ኩባያ የቀዳች ቀን

አስካለማርያምን ለማያውቃት ልንገረው። ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት አላት፤ እሷ ቤት ገብቶ “ጠግቤያለሁ” ብሎ በቀላሉ ያመለጠ ሰው የለም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ዝናብ ከጓሮዋ ያለው ቦይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታፍኖ ጎርፉ ወጥ ቤቷ ድረስ ዘለቀ። ሽንኩርቱም በርበሬውም ዋኘ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጠርሙስ ስታይ ደሟ ይፈላል።

በዓመቱ ዓለም አቀፉ የጎዳና ሩጫ በሰፈሯ እንደሚያልፍ ስትሰማ የአዘጋጆቹን ደጅ ጠናች። ከየአገሩ የመጣው ሯጭ የሚወረውረው ጠርሙስ ዞሮ ዞሮ የኔን ቦይ ነው የሚደፍነው ብላ ሞገተች። አስተባባሪዋ ናማጋንዳ በመጨረሻ እጅ ሰጠች። አስካለማርያም ለሯጮች ውሃ በምታድልበት ጣቢያ ብቻ ውሃው ታጥቦ በሚመለስ ኩባያ ይታደላል። ውሃው እስከ መጨረሻው ሯጭ ከበቃ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጠርሙስ ከውድድሩ ጨርሶ ይወጣል። ካልበቃ ነገሩ እዚያው ያከትማል።

በልምምዱ ቀን ጉድ ሆነች። ኩባያውን እስከ አፉ ሞልታ ትሰጣለች፤ ሯጩ ሁለቴ ተጎንጭቶ የቀረውን አናቱ ላይ ይደፋዋል። ግማሹ ሰው ሳያልፍ ጀሪካኖቹ ተራቆቱ። ናማጋንዳ ግማሽ ግማሽ ቅጂ ብትላት ፊቷ ተለዋወጠ። ለእንግዳ ጎደሎ መስጠት? ሰው ምን ይላል? ባሏ ይልቃል ይህን ሲሰማ ሳቀባት።

“አንቺ እኮ እየሮጠ የሚያልፈውንም ሰው ቁጭ አድርገሽ ካላበላሽው አይሆንልሽም” አላት።

ተቆጣች። ግን እውነቱን ነበር።

የሩጫው ዕለት ግማሽ ግማሹን ቀዳች። ለእያንዳንዱ ሯጭ በአማርኛ ይቅርታ ትጠይቃለች። ሯጩ ምን እንዳለችው ሳይገባው ጨልጦ፣ ኩባያውን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ይፈተለካል። ቅር ያለው አንድም ሰው የለም። የአገሯ ልጅ ብቅ ሲል ግን እጇ አልታዘዝ አላት፤ ልትሞላለት ስትል ይልቃል ክንዷን ያዛት። ልጁ ሲያልፍ በሐፍረት አንገቷን ደፋች፤ እሱ እንደሆነ ዞር ብሎም አላያት።

ፀሐይዋ ከረር ስትል የመጨረሻው ሯጭ መጡ፤ ጸጉራቸው የሸበተ የካምፓላ ሰው ናቸው። ሩጫውን ትተው ይራመዳሉ፤ የአዘጋጆቹ መኪና ከኋላቸው ይከተላል። ናማጋንዳ ከመኪናው ወርዳ ዓይኗን ጀሪካኑ ላይ ተከለች። ሰውዬው ግማሿን ኩባያ በአንድ ትንፋሽ ጠጧት። ቅርጫቱ ውስጥ ግን አልጣሏትም፤ ወደ አስካለማርያም መልሰው ዘረጉላት።

“ጨምሪልኝ፣ ልጄ” አሏት በሉጋንዳ።

ይህን ያህል ሉጋንዳ ታውቃለች። ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን በሞቴ፣ በሞቴ እያለች ስትለምን ለኖረች ሴት፣ ሳትለምነው ጨምሪልኝ ያላት እንግዳ እኚህ የመጀመሪያው ናቸው። ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። ጀሪካኑን አዘነበለችው፤ ገና ብዙ ውሃ ነበረው።