ከአው አብዶሽ ሬዲዮ የወጣችው ትራንዚስተር

ባለፈው ሳምንት ታምራትን ቀብረን ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት፣ ልጁ ንፍሮ ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ አባዬ እኮ ሙዚቃ አይወድም ነበር። ሬዲዮ ስንከፍት ተነስቶ ይወጣል" አለችኝ።

ካርታዬን አስቀመጥኩ። እሷ የምታውቀው ዕድሜውን ሙሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ድሬ ጠያራ የውሃ ቦቴ ሲነዳ የኖረውን አባቷን ነው። ጊታር ይጫወት እንደነበር ለገዛ ልጁ አልነገራትም።

ያኔ ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን። እኔ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው፣ የስፌት መኪናዎቹ ሲንጫጩ በሚውሉበት መንገድ ዳር ሬዲዮ እጠግን ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም። ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከኔ ያማረ ጽሑፍ የሚጠብቅ ካለ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ከአዲስ አበባ የመጣ የባንድ አለቃ ታምራትን ቅዳሜ ከሰዓት ሊሰማው፣ ከወደደውም ይዞት ሊሄድ ቀጠሮ ያዘ። ቦታው ከጀጎል ውጪ ያለ አዳራሽ ነው። እዚያ ደግሞ ጊታሩና ማጉያው ስለሚራራቁ ገመዱ ረጅም ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይሟሟል። ማጉያው ጋ የሚደርሰው ብርድ ልብስ የተከናነበ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጊታሩ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን አስፈለገችን። ድምፅ አትጨምርም፤ እንዳይደክም ደግፋ ትሸኘዋለች እንጂ። አንድ ትራንዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ በቃ።

በቃ ማለት ቀላል ነው። ዕቃ ከየት ይምጣ? የታምራት ጎረቤት አው አብዶሽ ይህንን ሰምተው የተበላሸ ሬዲዮአቸውን በብብታቸው ይዘው ሱቄ መጡ። ሽማግሌ ሐረሪ ናቸው፤ ከነታምራት ቤት ጋር ግድግዳቸው አንድ ነው።

"እንካ። ወላሂ ቀድሞኝ ሞተ። ሆዱን ቅደዱና የሚረባችሁን ውሰዱ" አሉኝ።

"ኧረ አው አብዶሽ፣ ይጠገንልዎታል እኮ!"

"ዜናውን ጠግበናል። ይልቅ ይሄን ልጅ አሰማልኝ።"

ክረምት ነበር። ደጃፋችን ላይ ዘይቱን የምትሸጥ ሴት ትቀመጥ ነበርና ሱቁ በሙሉ የበሰለ ዘይቱን ይሸታል። በሩን ዘግተን ከሬዲዮው ሆድ ያወጣናቸውን ትራንዚስተሮች አንድ በአንድ እያስገባን ማዳመጥ ጀመርን። አንደኛዋ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሽሽሽ ትላለች። ሌላዋ ስትሞቅ ትንጫጫለች። በመጨረሻ የገባችው ግን ጸጥ አለች።

"ይቺ ጨዋ ናት፣ የራሷን ወሬ አታወራም" አለ ታምራት።

ካፓሲተሩም አስቸገረን። ትንሿ ወፍራሙን ድምፅ ቆርጣ ጊታሩን ትንኝ አደረገችው። ትልቋ አርጅታ ታንኮሻኩሻለች። መካከለኛዋን መረጥን። የመበየጃውን ስታኞ አቅልጬ ሁሉንም የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ገጠምኩና በሩን ከፈትን። ታምራት ክሩን ሲመታ ከማዶ ልብስ ሰፊው ጮኸ፦

"አንተ! ጆሮዬን ወጋኸኝ እኮ!"

ታምራት በሳቅ ፈረሰ። "ሰማህ? ቀጭኑ ደርሷል!"

እንዲያ ሲስቅ ሁለተኛ አላየሁትም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አው አብዶሽ ሞቱ። በዚያው ቀን ተቀበሩ። በእኛ ሰፈር ጎረቤት ሞቶ ዘፈን አይሰማም፤ የተደገሰ ሠርግ እንኳ ቢሆን ከበሮው ዝም ይላል። እሱን አውቃለሁ። አዳራሹ ግን ሰፈር ውስጥ አይደለም። ታምራትን ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ለእንግዶች እጅ ሲያስታጥብ አገኘሁት።

"ተነስ እንጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ። ከቅጥሩ ውጪ ማን ይሰማሃል?" አልኩት።

"ጤና የለህም? ጠዋት አፈር አልብሻቸው ከሰዓት ጊታር ልምታ? ግድግዳችን እኮ አንድ ነው።"

"ራሳቸው አይደሉም እንዴ አሰማልኝ ያሉት?"

ማንቆርቆሪያውን ሊሞላ ወደ ውስጥ ገባ። ብቻዬን አዳራሹ ድረስ ሮጬ አለቃውን አንድ ቀን እንዲታገሠን ለመንኩት።

"ለጎረቤት ነው? እኔ እኮ እናቱ የሞተች መስሎኝ!" ብሎ ሳቀ። "ነገ ማለዳ እንወጣለን። ሙዚቀኛ ከሆነ አሁን ይመጣል።"

ተመልሼ ለታምራት ነገርኩት።

"ይቅናቸው" አለና ማስታጠቡን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ እጁን ጊታር ላይ አላየሁም። ለማን እንደሰጠውም አልነገረኝም።

ለልጁ ይህን ሁሉ አወራኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና "ደግ አደረገ፣ አይደል ጋሼ?" አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲጠይቅ አዎ እንዲባል ይፈልጋል። እኔ አላልኳትም። ደግነት ሰውን ዕድሜ ልኩን ዝም ካሰኘ ምን ብዬ ልጥራው? ታምራትን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስደው ሬሳ ሳጥኑን ከፊት የያዙት የአው አብዶሽ የልጅ ልጆች ነበሩ። ዳገቱ ላይ እንኳ አላዘነበሉትም፣ ደህና አድርገው ተሸከሙት። ሲጫወት የሰማው ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።